ሟቿ የሞላቻቸው ጠርሙሶች

ጧ!

ድምፁ የመጣው ከጨለማው ኮሪደር መጨረሻ ነው። ሰው ነገር ሳይጥመው ሲቀር በምላሱ ላንቃውን መትቶ የሚያሰማው ዓይነት፣ አጭርና ደረቅ ድምፅ። መርማሪዋ አንድ እግሯ ደፉን እንደተሻገረ ቆመች። ከኋላዋ የሚከተላት ሃምሳ አለቃም ቆመ። ቤቱ መልሶ ዝም አለ፤ ዝምታው ግን ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ እንጂ የባዶ ቤት ዝምታ አልነበረም።

ጧ!

«እዚያ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለ ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሬሳዋ ብቻ ናት አላላችሁንም?»

«ሬሳዋ ብቻ ናት» አለ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የቆመው የሟች ልጅ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እናቴ... አንድ ነገር ሲያስከፋት እንደዚያ ታደርግ ነበር። በምላሷ።»

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ጭምቷ» ይሏታል፤ ከምትናገረው የምትሰማው የሚበዛ፣ ፀጉሯ ከጎንና ከጎን መሸበት የጀመረ ሴት ናት። ሦስተኛውን ድምፅ ጠበቀች። ሲመጣ ምንም ሳትል ወደ ኩሽናው ገባች።

ጣፋጭ ሽታ ያዘለ ሙቀት ፊቷን መታት። የመስኮቱ መስተዋት በእንፋሎት አልቦታል። አሮጊቷ በድንጋዩ የዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ከጭንቅላቷ ኋላ የፈሰሰው ደም ጠቁሮ ረግቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ታጥፎ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ውስጣቸው ከዘይቱን ፍሬ ጭማቂና ከስኳር ፈልቶ የሚረጋ ጄሊ ሞልቷል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ የሚይዘው ዓይነት ቀለም ያለው፣ ጥርት ያለ። መርማሪዋ እያየችው የአንደኛው ጠርሙስ ክዳን ያበጠ ሆዱ ወደ ውስጥ ስርጉድ አለ። ጧ!

«ክዳኖቹ ናቸው» አለች። «ትኩሱን ሞልተው ሲያሽጉት እንዲህ ነው። ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል።»

ሃምሳ አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔማ ነፍሴ ቀድማኝ ወጥታ መንገድ ላይ ነበረች።»

እሷ ግን አልሳቀችም። ግራ እጇን ጠርሙሱ ላይ አሳረፈች፤ ገና ሙቅ ነው። ከዚያ አጎንብሳ በቀኝ እጇ የአሮጊቷን አንጓ ያዘች፤ ቀዝቅዟል። በሁለቱ መካከል እንዳጎነበሰች ትንሽ ቆየች። አንዱ እጇ ሕይወት ያለው ነገር የነካ ይመስል ነበር፤ ሕይወት የነበረው ግን ሌላኛው እጇ የያዘው ነው።

የሟቿን መዳፍ ገለጥ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በጣቶቿ መካከል የስኳር ቅንጣቶች ተጣብቀዋል።

ቀና ብላ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ጥግ ላይ አንድ በርጩማ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ ተገልብጧል፤ በአራቱ እግሮቹ ላይ የተቀቀለ ፍሬ የያዘ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ ታስሮ፣ ጭማቂው ከሥሩ ወዳለው ሳህን ይንጠባጠባል። ምድጃው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሳህን አለች፤ መሐሏ ላይ የተጨማደደች የጄሊ ጠብታ። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ስኒ። ስኒው ውስጥ ከሚፈላ ጄሊ ላይ የተገፈፈ ሮዝ አረፋ ተጠራቅሟል፤ ጎኑ ትንሽ ማንኪያ ተሰክቶበታል፤ ለሚበላው ሰው የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ከኩሽናው በር ውጭ፣ ልክ ደጃፉ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ የእንጨት ወንበር ተቀምጧል።

«ነገሩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር» አለ ሃምሳ አለቃው። «አሮጊቷ ጄሊዋን ጨርሳ ክዳኑን እንዳጠበቀች ነው የተገፋችው። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበሩት ምራቷና እህቷ ናቸው። እህትዬዋ እንኳን ሰው ልትገፋ በር መግፋት የሚያቅታት ባልቴት ናት። ስለዚህ ምራቲቱ። አለቃም ሳይመሽ ተጠርጣሪ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ» አለች መርማሪዋ።

---

የሟች ልጅ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከመኖሪያ ቤቱ ፊት፣ መንገዱን ይዞ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ አንዱ ከሌላው አይስማማም።

«ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም» አለ። «ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰዓቷን ይዛ መጥታ፣ እስክጨርስላት ፊቴ ተቀምጣ ስታደነቁረኝ ነው የዋለችው። ሚስቴ ስትጮህ አብረን ነው የሮጥነው። ጠይቋት።»

«ጠይቀናታል። ስትገባ ምን አየህ?»

«እናቴን ወለሉ ላይ። ሚስቴን ከአጠገቧ ቆማ።» ትንሿን መፍቻ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «ትናንት ተጣልተው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ ብደብቅዎትም አይደበቅም። ሚስቴ እናቴን ‹ይሄ ቤት ለሁለታችን አይበቃም› ብላታለች።»

«ምን አጣላቸው?»

«ያው ጄሊው ነዋ! ሌላ ምን አላቸው? እማዬን ምራትሽን አስተምሪያት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ጨርቁን ጨመቀችው አሉ። ጭማቂው በራሱ ጊዜ ነው መንጠባጠብ ያለበት፤ ከተጨመቀ ይደፈርሳል። እናቴ ለዚያ ጨርቅ ሰው ትገድላለ...» አፉን በእጁ ያዘ።

«ሲፈላ ላዩ ላይ የሚወጣውን አረፋስ እናትህ ምን ታደርገዋለች?»

ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ቀና አለ። «ትደፋዋለቻ። ልጅ ሆኜ ስለምናት እንኳ አንድ ቀን ጠብ አድርጋልኝ አታውቅም። ‹ቆሻሻ ነው› ነው የምትለው፤ እጇን እንኳ ሳታብስ አንድ እርምጃ አትሄድም። በሷ ቤት አረፋ የሚቀመጥለት ሰው የለም።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ሚስትህ ናት ብለህ ታስባለህ?» አለችው።

ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን የሰዓት ጥርሶችና ምስማሮች አንድ በአንድ በጣቱ ይገፋ ጀመር።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ።

ከኋላው ወደ ቤት የሚያስገባው በር ሲጥ አለ። ሚስቱ ቆማለች፤ ወሯ የገፋ ነፍሰ ጡር፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ። ባሏን አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችምም። በሩን መልሳ ዘግታ ገባች።

---

ክፍሏ ከኩሽናው በላይ ነው፤ ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ከታች ያለው ጣፋጭ ሽታ በስንጥቁ ይወጣል።

«እኔን ማን ያምነኛል» አለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ያ ሃምሳ አለቃዎ ስነግረው ሳቀብኝ።»

«እሱ ቁርስ ሲቀርብለትም ይስቃል። ለኔ ንገሪኝ።»

«ከእማማ ጋር ላለመጋጨት ብዬ እዚሁ ተኝቼ ዋልኩ። በሆነ ሰዓት ከታች ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ስኳሩን ጣለችው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።»

«ምን ስትሠራ ሰማሽ?»

«ማንኪያው ድስቱን ሲጠርገው። ከዚያ ኳ፣ ኳ... ማንኪያ ስኒ ከንፈር ላይ ሲራገፍ። ረጅም ጊዜ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃም እዚያው ናት። ከዚያ ክዳን ማጥበቅ። ዝም ሲል ቆይቼ ውሃ ልጠጣ ወረድኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ነካኋት ኢንስፔክተር። ቀዝቅዛለች! አሁን ስትሠራ የነበረች ሴት እንዴት ነው የምትቀዘቅዘው? እኔ የሰማሁት ማንን ነው ታዲያ? ሞታም አልተወችውም እንዴ?»

መርማሪዋ በሳንቃው ስንጥቅ ወደ ታች አየች። ከእግሯ ሥር የተደረደሩት ጠርሙሶች ክዳን ያብለጨልጫል።

«አንቺ ብትሠሪው፣ ጄሊው መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?»

«እ... ሲወፍር? እንደ ሙጫ ሲሆን?» በዚያ ሁሉ መሐል አፍራ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «አንዴ ለብቻዬ ሞክሬ ማንኪያው ተተክሎ ቀረ። እማማ ‹ለጫማ ማጣበቂያ አስቀምጡልኝ› እያለች ስትስቅብኝ ከረመች።» ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ይወስዱኛል አይደል?»

«ሳይመሽ ሰው ይዤ እንድሄድ ታዝዣለሁ።»

«እዚያ ልወልድ ነው እንግዲህ» አለች ሴትዮዋ፣ ለሆዷ የምትነግረው ይመስል።

---

የሟች ታናሽ እህት ከቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል ትኖራለች። አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ንጹሕ ግድግዳ። ለዕድሜ ልክ ሳይሆን ለአንድ ሌሊት ያረፈ እንግዳ ክፍል ይመስላል።

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ» አለች ባልቴቷ። እጆቿ ጭኗ ላይ ተኝተዋል፤ የሳሙና ሽታ አላቸው።

«እግዜር ያጽናዎት እትዬ። አብረው ነው የኖሩት?»

«ከተወለድኩ። እሷ ትሠራለች፣ እኔ ወንበሬን ደጃፉ ላይ አድርጌ አያታለሁ፤ እንደ ድመት። ኩሽና ከገባሁ ስንት ዘመኔ፤ ልጇን ጠይቂው። እሱ ሲወለድ እንኳ አልገባሁም።»

«ለምን?»

«ጠላሁታ።»

«ዛሬስ ደጃፉ ላይ ነበሩ?»

«ዛሬ ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ሲጮሁ ነው የነቃሁት። ተነስቼ እስክወጣ ሰው ሞልቶታል፤ አላየኋትም፣ ማየትም አልፈለግሁም።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ልጅቷ ላይ አትጨክኑባት። ቁጡ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም።»

መርማሪዋ አመስግና ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ባልቴቷ ከኋላዋ ቀስ ብላ ጠየቀች፦

«ጄሊው ግን ረጋ?»

መርማሪዋ ሳትዞር መለሰች።

«ረግቷል እትዬ።»

«ደግ» አለች ባልቴቷ።

---

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ ሁሉም ወደ ኩሽናው እንዲሰበሰብ አዘዘች። ከበርጩማው ሥር የተጠራቀመውን ጭማቂ ራሷ ድስት ውስጥ ገለበጠችው፤ ሃምሳ አለቃው ስኳር ጨምሮ እሳቱን እንዲለኩስ ነገረችው።

«ኢንስፔክተር፣ ነፍሰ ገዳይ ልንይዝ ነው የመጣነው ወይስ ወጥ ቤት ተቀጥረን?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ለኩስ።»

ልጁ ማጠቢያው አጠገብ ቆመ። ሚስቱ ከሱ ራቅ ብላ፣ ምድጃው ጎን ተቀመጠች። ባልቴቷ ወንበሯ ላይ፣ ከደጃፉ ወዲያ። ያላንዳች ሐሳብ የሄደችው ወደዚያው ነው። መርማሪዋ ጀርባዋን ለድስቱ ሰጥታ መናገር ጀመረች፤ ልክ የምድጃው ነገር የማይመለከታት ይመስል።

«ሁላችንም ስንገባ ያየነው የሞላ ጠርሙስ ነው። ስለዚህ ሟቿ ሥራዋን ጨርሳ ሞተች አልን። ግን ጠርሙሱ ሙቅ ነው፣ እሷ ቀዝቅዛለች። ጠርሙሱ ከሷ በኋላ ነው የተሞላው።»

«እንዴት ሆኖ?» አለ ልጁ።

«መዳፏ ላይ ስኳር ነበር። እጇን ሳታብስ አንድ እርምጃ የማትሄድ ሴት መሆኗን ልጇ ነግሮኛል። ጠርሙሶቹ ላይ ግን አንዲት ቅንጣት ስኳር የለም፤ ከንፈራቸው እንኳ ተወልውሏል። ስኳሩን እንደገለበጠች ነው የወደቀችው። ከዚያ በኋላ ድስቱ ገና ብዙ መፍላት ነበረበት። አንድ ሰው አማስሏል፣ አረፋውን ገፏል፣ ሞልቷል፣ ክዳኑን አጥብቋል። ሬሳው እግሩ ሥር ተኝቶ። ልጅቷ ከላይ የሰማችው መንፈስ አይደለም፤ ያንን ሰው ነው።»

ሚስትዮዋ ዓይኖቿን ጨፈነች። ድስቱ ጠርዝ ጠርዙን ቱክ ቱክ ማለት ጀመረ።

«ማነው ታዲያ?» መርማሪዋ ቀጠለች። «ልጁ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ምስክር አለው። ልጅቷ ጄሊ መቼ እንደሚደርስ አታውቅም። ይህን የሠራው ሰው ግን አሳምሮ ያውቃል፤ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ፣ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው መጨማደዱን አይቶ ነው ያወረደው። አንድ ነገር ደግሞ አለ። አረፋው አልተደፋም። በዚህ ቤት ግን የሚበላው ሰው የለም። የሠራችው እጅ ከዚህ ልጅ መወለድ በፊት፣ በሁለቱ እህቶች እናት ኩሽና፣ አረፋው ለታናሿ ልጅ ይቀመጥላት በነበረበት ጊዜ መሆን አለበት ሥራውን የለመደችው።»

ድስቱ አጉረመረመ። ሮዝ አረፋ ከመሐሉ ተነስቶ ግድግዳውን ይወጣ ጀመር።

«ተኝተው የዋሉ፣ ኩሽናውን ያላዩ ሰው ደግሞ ‹ጄሊው ረጋ?› ብለው ጠይቀውኛል። ጠርሙስ ውስጥ መግባቱን ማን ነገራቸው?»

«ኧረ ሊገነፍል ነው!» ብላ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። ልጁ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሃምሳ አለቃው «ክዳን! ክዳን የታል!» እያለ ጠረጴዛውን ዞረው። መርማሪዋ ብቻ አልዞረችም። የምታየው ደጃፉን ነው።

ባልቴቷ ተነስታለች። ደፉን ተሻገረች፤ ምንም ሳትጣደፍ፣ ማንንም ሳታይ። በአንድ እጇ እሳቱን ቀነሰች፣ በሌላው ማንኪያውን ሳትፈልግ አገኘችው። አረፋውን ከጠርዝ ወደ መሐል ሰብስባ ገፈፈችና ስኒው ከንፈር ላይ አራገፈችው። ኳ፣ ኳ።

ልጅቷ ከደረቷ ጩኸት የመሰለ ትንፋሽ አወጣች። «እሱ ነው» አለች። «የሰማሁት እሱ ነው።»

«አክስቴ...» አለ ልጁ።

ባልቴቷ ፊቷን አላዞረችም። ድስቱን ነው የምታናግረው።

«አንድ ፎቶ አንሺ ነበር» አለች። «ከተማ ለከተማ የሚዞር። አብረን ልንሄድ ተስማምተን፣ በር ላይ መጥቶ ሊጠራኝ ተቃጠርን። የዚያን ቀን እህቴ ድስት አስጠበቀችኝ። ‹የፈላ ነገር ጥለሽ አትወጪም፤ ሲረጋ ትሄጃለሽ› አለችኝ። ጠበቅሁ። ሲረጋ ወጣሁ፣ ማንም የለም። ‹አልመጣም› አለችኝ። አልመጣም ብዬ ኖርኩ፤ ይኸው ፀጉሬ። ድስት ግን ከዚያ ወዲህ በእጄ አልነካሁም።»

ማንኪያው ዞረ።

«ዛሬ ስኳሩን እየገለበጠች እንደ ጨዋታ አነሳችው። እየሳቀች። ‹መጥቶ ነበር እኮ። አትፈልግህም ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። አንቺ ብትሄጂ ድስቱን ማን ይጠብቅልኝ ነበር?› አለችኝ። ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ገፋኋት፤ በዚህ እጄ። ስትወድቅ ድምፅዋን ሰማሁ። ልሮጥ ነበር። ልጮህም ነበር። ግን...» ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ቆመ። «ድስቱ ይፈላ ነበር።»

እንፋሎቱ በመስኮቱ መስተዋት ላይ መስመር እየሠራ ይወርዳል።

«ልጅቷን ስንወስዳት ዝም ሊሉ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ልጄ የኖርኩት ዝም በማለት ነው» አለች ባልቴቷ። ከዚያ ዞራ ነፍሰ ጡሯን አየቻት። «አንቺ ግን ምንም አላደረግሽም።»

ጠብታ ሳህን ላይ አድርጋ በጣቷ ገፋ አደረገች። ተጨማደደ። እሳቱን አጠፋች፤ እጇን አበሰች፤ ለሃምሳ አለቃው ክንዷን ሰጠችው። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከኪሱ ሊያወጣ ብሎ ተወው፤ እናቱን መንገድ እንደሚያሻግር ሰው ይዟት ወጣ።

ኩሽናው ውስጥ ባልና ሚስት ቀሩ። መርማሪዋ ማስታወሻዋን ወደ ቦርሳዋ ስታስገባ ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሚስቱ ቀረበ።

«በቃ እንግዲህ... አለፈ» አላት። «ይኸው ነጻ ወጣሽ። አረፍ በይ። ሻይ ላፍላልሽ?»

ሚስቱ ቀና ብላ፣ ሱቁ ውስጥ ‹እኔ ምን አውቃለሁ› ያለውን አፉን አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች፤ ሹራቧን ከምስማሩ አወረደች፤ የቤቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሳይሆን ቀለበቱን እንዳለ ከወገቧ ፈትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ።

በኮሪደሩ አለፈች፣ በሱቁ አለፈች። ቀድማት የወጣችው መርማሪ ከመንገዷ ዞር አለችላት።

«ስሚ! የት ነው የምትሄጂው? በዚህ ምሽት? ኧረ አንድ ነገር ተናገሪ!»

ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። የውጭውን በር ከፍታ ወጣች፤ ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።